የአባቴን ምላጭ በጃፓን ድንጋይ እንዴት እንደምስለው፣ ከድፍድፍ እስከ ቅራሪ

መጀመሪያ እንግባባ። ምላጭ ስል ሱቅ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስስ ምላጭ ማለቴ አይደለም፣ እሱንማ ለሁለት ሰብረን መያዣ ውስጥ ከተን ተላጭተን እንጥለዋለን እንጂ ማንም ቁጭ ብሎ አይስለውም። የማወራው ስለ ድሮው ነው፣ እንደ ሰንጢ እጀታው ውስጥ ስለሚታጠፈው፣ ጀርባው ወፍራም ሆኖ ስለቱ እንደ ወረቀት ስለሚሳሳው። አባቴ ደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤት በነበረው ጊዜ ሁለት ነበሩት፣ ሁለቱም ጀርመን ሀገር ዞሊንገን የተሰሩ፣ አንዱ ላይ ጽሁፉ እስካሁን ይነበባል። ድንጋይ ላይ ሲያመላልሰው እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ግን ልጅ ስለነበርኩ እጁን ሳይሆን ድምጹን ነው የማስታውሰው፣ ሽው ሽው የምትለዋን። የቀረውን በራሴ ጊዜ ብዙ አበላሽቼ ነው የተማርኩት፣ እናንተ ደግሞ እኔ ያበላሸሁትን ድጋሚ እንዳታበላሹ ነው ይሄን የምጽፈው።

ድንጋዩን ያመጣልኝ ጃፓን ለትምህርት ሄዶ የነበረ ያክስቴ ልጅ ነው። ምን ላምጣልህ ሲለኝ ድንጋይ አልኩት፣ "ኧረ ጎጃም ድንጋይ ጠፍቶ ነው?" ብሎ እስኪበቃው ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ ገበሬው ማጭዱን ወንዝ ዳር ባገኘው ድንጋይ ሽር ሽር አድርጎ ስራውን ይሰራል። ማጭድ ግን ትንሽ ጥርስ ቢኖረው እንዲያውም ይጠቅመዋል፣ ጭዱን ይዞ ይቆርጣል። ምላጭ ላይ ያው ጥርስ ቢኖር ፊታችሁን ነው የሚያርሰው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ የምታዩት የአሸዋ ድንጋይም ሞክሬዋለሁ፣ ለቢላ ይሄዳል፣ ለምላጭ ፍሬው በጣም ሻካራ ነው።

የጃፓኑ ድንጋይ የሚወጣው ከኪዮቶ ከተማ በስተምዕራብ አታጎ የሚባል ተራራ ካለበት አካባቢ ነው። ናካያማ፣ ኦዙኩ፣ ሾቡዳኒ እየተባለ በወጣበት ጉድጓድ ይጠራል፣ እኛ ጤፍ ስንገዛ የቢቸና ነው ወይስ የአዴት እንደምንለው ማለት ነው። አሁን አብዛኞቹ ጉድጓዶች ስለተዘጉ ገበያ ላይ ያለው በብዛት ድሮ ተቆፍሮ የተቀመጠ ነው፣ ዋጋው አንዳንዴ የሚያሳብደውም ለዚህ ነው። ከዛሬ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥልቅ ባህር ስር የረጋ ደቃቅ ጭቃ ነው ወደ ድንጋይነት የተቀየረው፣ ውስጡ ያለው ስለት የሚያወጣው ሲሊካ ደግሞ ሬዲዮላሪያ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ የባህር ፍጥረታት ቅርፊት የመጣ ነው። እኛ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ስለሆነ፣ ያውም ብዙው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነው፣ ያንን ልስላሴ ከሱ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ያክስቴ ልጅ ይሳቅ፣ ጎጃም ድንጋይ ሞልቷል፣ ይሄኛው ግን የለም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይግባ፦ የተፈጥሮ ድንጋይ ቁጥር የለውም። ፋብሪካ የሰራው 1000፣ 5000፣ 8000 ተብሎ ይጻፍበታል፣ ፍሬው ተለክቶ ነው የገባበት፣ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ይደቅቃል። የኪዮቶው ከተራራ የተቆረጠ ነው፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ድንጋዮች እንኳ አንድ አይነት አይደሉም፣ ሻጩ ጥንካሬውን ይነግራችሁ ይሆናል እንጂ ፀባዩን አይነግራችሁም። ከለሩም አያታልላችሁ፣ ግራጫ ሰማያዊ መሳዩን አሳጊ ይሉታል፣ ቢጫውን ኪይታ፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ካራሱ፣ ቁራ ማለት ነው። ስሙ ደስ ይላል ግን ጥሩ ቁራ አለ መጥፎ ቁራ አለ። የኔ ጠንካራ አሳጊ ነው፣ ፀባዩን ለማወቅ ወራት ፈጅቶብኛል፣ ስለዚህ ሶስት አራት ድንጋይ ከመሰብሰብ አንዱን ይዞ መክረም ይሻላል ባይ ነኝ።

ድንጋዩን ስለማዘጋጀት

እዚህ ጋ ነው መጀመሪያ ጉድ የሆንኩት። ፋብሪካ የሰራውን 1000 ድንጋይ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ነው የምንጠቀመው፣ እኔም ሁሉም አንድ ነው ብዬ የኪዮቶውን ሌሊቱን ባልዲ ውስጥ ከትቼው አደርኩ፣ ጠዋት ሳወጣው ከጎኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየኝ። ለካ ይሄ ድንጋይ እንደ እንጀራ ድርብርብ ነው፣ ውሃ በጎኑ በኩል በንብርብሩ መሃል ከገባ ይለያየዋል። አይዘፈዘፍም! ላዩ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው። ጎኖቹንና ታቹን ደግሞ ጃፓኖቹ ላከር የሚባል ቀለም ይቀቡታል፣ እኔ የእህቴን የጥፍር ቀለም ነው ሶስት ዙር የቀባሁት፣ ቀይ ስለሆነ ያስቃል ግን ስንጥቁ ከዛ ወዲህ አልጨመረም። የምትስሉበትን የላይኛውን ፊት ብቻ ሳትቀቡ ተዉት። ከተጠቀማችሁ በኋላ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ፀሀይ ላይ አታስጡት፣ በርበሬ አይደለም።

ፊቱ ደልዳላ መሆን አለበት፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ወፍራም መስታወት ላይ ውሃ የማይፈራውን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ዘርጉ፣ ከህንጻ መሳሪያ ሱቅ ይገኛል፣ 400 ቁጥሩ ይበቃል። የድንጋዩ ፊት ላይ በእርሳስ መስመር በመስመር አስምሩበትና እያረጠባችሁ ወረቀቱ ላይ እሹት፣ የእርሳሱ መስመር ሁሉም ቦታ እኩል ሲጠፋ ደልድሏል ማለት ነው፣ መሃል ላይ ከቀረ መሃሉ ጎድጉዷል። ከዛ 1000 በሆነ ወረቀት አለስልሱት። ጠርዞቹንም ትንሽ ሞረድ ሞረድ አድርጓቸው፣ ሹል ጠርዝ ስለቱን ይነክሰዋል።

መጀመሪያ 1000 ላይ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ውዱን ድንጋይ ስላገኘ ብቻ የደነዘ ምላጭ እሱ ላይ ያመላልሳል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ከዛ ድንጋዩ አይረባም ይላል። የኪዮቶው ድንጋይ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፣ ቡና ተቆልቶ ተወቅጦ ተፈልቶ ሲያበቃ እንደሚቀዳው ስኒ ነው እንጂ መቁያው አይደለም። ስለት የሚወለደው 1000 ላይ ነው። ሁለቱ ጎኖች ስለቱ ላይ በደንብ ካልተገናኙ ከዛ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ ቆሻሻ ልብስ መተኮስ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ አጋድማችሁ ድንጋዩ ላይ ታስተኙታላችሁ፣ ጀርባውም ስለቱም አንድ ላይ ድንጋዩን ይነካሉ። ቢላ ወይ ማጭድ እንደምንስለው ጀርባውን ብድግ ማድረግ የለም፣ ጀርባው እራሱ ነው አንግሉን የሚለካላችሁ፣ የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ተሰልቶ የሁለቱ ጎን ድምር 16 ወይ 17 ዲግሪ አካባቢ እንዲመጣ ተደርጎ ነው የተሰራው። የድሮ ምላጭ ከሆነና ጀርባው እንዳይበላ ከፈለጋችሁ አንድ ዙር ናስትሮ፣ የኤሌክትሪክ ሰራተኞች የሚጠቀሙትን፣ ጀርባው ላይ ለጥፉበት። ከጀመራችሁ ግን እስከ መጨረሻው ድንጋይ ድረስ በናስትሮ ቀጥሉ፣ መሃል ላይ ካነሳችሁት አንግሉ ይቀየርና ስለቱ ድንጋይ መንካቱን ይተዋል።

አካሄዱ ስለቱ ከፊት ጀርባው ከኋላ ነው፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ሽፋን እንደምትልጡ አይነት። ስትገፉ ከተረከዙ፣ በእጀታው በኩል ካለው ዳር፣ ጀምራችሁ በሰያፍ ወደ ጫፉ ትጨርሳላችሁ፣ ስትመለሱም እንደዛው፣ መንገዱ የኤክስ ቅርጽ ይሰራል፣ በዚህ ምክንያት ድንጋዩ ከምላጩ ቢጠብም ሁሉም ቦታ እኩል ይደርሰዋል። መጨረሻ ላይ ስትገለብጡት በጀርባው ላይ አንከባላችሁ ነው፣ በስለቱ በኩል ከገለበጣችሁት የሰራችሁት ሁሉ በአንድ ሰከንድ ገደል ገባ። ጉልበት 1000 ላይ ትንሽ ይፈቀዳል፣ ትንሽ አልኩ፣ ምላጩ ስስ ስለሆነ ስትጫኑት ይታጠፋል፣ ከታጠፈ መሃሉ ተስሎ ዳሩ ይቀራል።

ደርሶ እንደሆነ የማውቀው በሶስት ነገር ነው። አንደኛ ማርከር፣ ስለቱን ዳር ዳሩን በማርከር ቀብቼ አንዴ አሳልፈዋለሁ፣ ቀለሙ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ከጠፋ ስለቱ ድንጋዩን እየነካ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን የቀለም መስመር ከቀረ ገና ነው። ሁለተኛ ብርሃን፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጌ አምፖል ስር ቀጥ አድርጌ አየዋለሁ (መብራት ከሌለ በስልክ ባትሪ፣ መብራት የማይኖርበት ቀን ደግሞ ብዙ ነው)፣ የተሳለ ስለት ከላይ ሲያዩት ጥቁር ነው፣ ምንም አይታይም፣ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ እዛ ቦታ ላይ ደንዟል ወይ ተሸርፏል። ሶስተኛ የክንዴ ፀጉር፣ ከተረከዝ እስከ ጫፍ በሁሉም ቦታ እኩል መላጨት አለበት። ጫፉ ብቻ እምቢ ካለ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ፣ ጫፉ እስኪመጣ ተመለሱ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሶስት ማታ 1000 ላይ ብቻ ነው የተቀመጥኩት፣ ሚስቴ ድምጹ ሰልችቷት ከደጅ አውጥታኛለች።

ከዛ መሃሉ ቀላል ነው። እኔ 5000 ላይ ሰላሳ አርባ ምልልስ አድርጌ የ1000ውን ጭረት አጠፋለሁ፣ 8000 ያለው ሰው እሱንም ይጨምር። ጃፓኖቹ ራሳቸው በድሮው መንገድ ይሄንን መሃሉን የሚያልፉት ናጉራ በሚባሉ ነጫጭ ትንንሽ ድንጋዮች ነው፣ ሚካዋ ከሚባል አይቺ ውስጥ ካለ ቦታ የሚመጡ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ቦታን፣ ቴንጆ፣ ሜጂሮ፣ ኮማ ተብለው ይደረደራሉ፣ አንዱን ትልቁ ድንጋይ ላይ አሽተው ጭቃ ያወጡና ይስላሉ፣ ያጥቡትና ወደሚቀጥለው። እሱ አራት ድንጋይ መግዛት ስለሆነ እኔ ዘልየዋለሁ።

ወፍጮና መጅ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከትልቁ ድንጋይ ጋር ቶሞናጉራ የሚባል ያው ዘር የሆነ ትንሽ ቁራጭ ድንጋይ ይመጣል። እናቶቻችን ወፍጮው ላይ በመጁ እንደሚፈጩት አስቡት፣ ትልቁ ወፍጮ ነው ትንሹ መጅ ነው። ትልቁ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ታደርጉና በትንሹ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ታሹታላችሁ፣ ደቃቅ ጭቃ ይወጣል፣ ስለሪ ይሉታል። ምላጩን የሚስለው ይሄ ጭቃ ነው፣ ድንጋዩ ራሱ በኋላ ነው የሚገባው። ቶሞናጉራው ከትልቁ ድንጋይ ለስለስ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ጭቃው ከትንሹ እንዲወጣ፣ ትንሹ በጣም ጠንካራ ከሆነ ግን ትልቁን ይቧጥጠዋል። ቶሞናጉራ ከሌላችሁ ያረጀ፣ አገልግሎ ሹልነቱ የበረደለት ደቃቅ ዳይመንድ ፕሌት፣ የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት ብረት ማለት ነው፣ ይሆናል፣ አዲስ ከሆነ አትጠቀሙበት፣ ጭቃው ውስጥ ሻካራ ፍሬ ይጥላል።

የጭቃውን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ በጠላ ነው የማስረዳው። መጀመሪያ ድፍድፍ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ወተት የሚመስል። በዛ ላይ ሃያ ሰላሳ ምልልስ በቀስታ ትሄዳላችሁ፣ ግራጫው ወደ ጥቁር ይቀየራል፣ ጥቁሩ ከምላጩ የወጣ ብረት ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ከዛ በጣታችሁ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ጉሽ ይሆናል፣ ደግሞ ሃያ ምልልስ። ደግሞ ውሃ። ጭቃውን አትጠቡት፣ አቅጥኑት እንጂ፣ እዛው ላይ እየቀጠነ ይሂድ። ቅራሪ ሲሆን ድንጋዩ ፊት ላይ የሚታየው ጥላ የመሰለ ነገር ብቻ ነው፣ እጃችሁም በየዙሩ እየቀለለ መሄድ አለበት፣ መጨረሻ ላይ የምላጩ ክብደት ብቻ ነው የሚጫነው። ለምን ከወፍራም ወደ ቀጭን? ጭቃው ውስጥ ያለው ፍሬ ስትገፉ ፊት ለፊት ከስለቱ ጋር ይጋጫል፣ ብዙ ሲሆን ቶሎ ይስላል ግን ጠርዙን ደግሞ ትንሽ ያደነዝዘዋል። ውሃ ስትጨምሩ ግጭቱ ይቀንሳል፣ ስለቱ ይጠራል። አብዛኞቹ ይሄን ድንጋይ የሚጠቀሙ ሰዎች ፍሬው ራሱም እየተሰባበረ ይልማል ይላሉ። እጄ ላይ የሚሰማኝ ልስላሴ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

በመጨረሻ ድንጋዩንም ምላጩንም አጥባችሁ በንጹህ ውሃ ብቻ አስር አስራ አምስት ምልልስ። እዚህ ጋ ጆሮና እጅ ያስፈልጋል። ደህና ሲሆን ምላጩ ድንጋዩ ላይ ለጠፍ ይላል፣ እንደ እርጥብ ሁለት መስታወት፣ ውሃውም በስለቱ ፊት ከመሸሽ ይልቅ ምላጩ ላይ ይወጣል። ድምጹ ከሽው ሽው ወደ ምንም ይቀርባል። በአጉሊ መነጽር ካያችሁት ጠባቡ የተሳለው መስመር እንደ ፋብሪካ ድንጋይ መስታወት አይሆንም፣ ጠዋት ጮቄ ላይ እንደሚታየው ጉም ደብዘዝ ያለ ነው። አትደንግጡ፣ እንደዛ ነው የሚፈለገው፣ ፊት ላይ ልስልስ የሚለው ይሄኛው ነው። እኔ መጀመሪያ አላብለጨለጨም ብዬ ሁለት ጊዜ ከ1000 ጀምሬዋለሁ፣ በከንቱ።

የተንጠለጠለ ፀጉር የመቁረጥ ሙከራ አለ፣ አንድ ፀጉር በጣት ይዞ ስለቱ ላይ ማሳረፍ። የኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ አንዱ ይቆረጣል አንዱ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ሁሌ ከአንድ ሰው ፀጉር ውሰዱና አወዳድሩ እንጂ ብቻውን አትመኑት። እውነተኛው ፈተና አገጭ ስር ነው። ጃፓኖቹ ካሚሶሪ የሚሉት የራሳቸው ምላጭ ያላችሁ ካላችሁ ይሄን ሁሉ እንዳለ አትውሰዱት፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል አይደለም፣ አሳሳሉም እኩል አይደለም።

ቆዳው

ምላጩ ቆዳ ላይ ሳይፈተግ መላጨት የለም። ጠፍር ይሆናል ብሎ የሚነግራችሁን አትስሙ፣ ጠፍር ያልለፋ ደረቅ ቆዳ ነው፣ ስለቱን ያበላሸዋል። የሚሆነው የለፋ፣ ለስላሳ፣ ስፌትና ማስጌጫ የሌለበት ሰፊ ቀበቶ ነው፣ በሩ እጀታ ላይ አስራችሁ ወጠር አድርጉት። መጀመሪያ ሸራ ላይ ሰላሳ፣ ከዛ ቆዳው ላይ ሃምሳ ስልሳ። አሁን አካሄዱ ተገለበጠ፣ ጀርባው ከፊት ስለቱ ከኋላ፣ ይሄን ከረሳችሁ ቀበቶውን ለሁለት ትቆርጡታላችሁ። ቀበቶው ካልተወጠረም ስለቱ ጎን ላይ ይጠቀለላል። ለራሱ ብቻ የሚላጭ ሰው በየጊዜው ቆዳው ላይ ካመላለሰ ወደ ድንጋዩ ሳይመለስ ወራት ይቆያል።

ስትላጩ ፊታችሁን በሙቅ ውሃ አርሱት፣ ሳሙናውን በደንብ አረፋ አስወጡት፣ ምላጩን 30 ዲግሪ አካባቢ አጋድማችሁ ፀጉሩ ወደተኛበት ሂዱ። ፂሙ ጥቅልል የሆነ ሰው ተቃራኒውን ከሄደ ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይቀበርና አንገቱ ሽፍታ ይሞላል፣ የምላጩ ጥፋት አይደለም።

ክረምት ላይ ዝገት አለ፣ ባህር ዳር ጣና ዳር ለሚኖር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ተላጭታችሁ አጥባችሁ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፣ የኑግ ዘይት ግን አይሆንም፣ እኔ ቤት ያለው እሱ ስለሆነ ቀብቼው ከወር በኋላ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አገኘሁት፣ ኑግ እየቆየ የሚደርቅ ዘይት ነው። የስፌት ማሽን ዘይት ወይ ቫዝሊን ይሻላል። ውሃ ባለበት መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት።

አንድ ምላጭ ለአንድ ፊት ነው፣ አባቴም በመጨረሻው ዘመን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወደሚጣለው ምላጭ የዞረው ለዚህ ነው፣ ደም የነካ ብረት በሽታ ያስተላልፋል፣ ድንጋይ ላይ መሳልም ዘይት መቀባትም ያንን አያጠፋም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ የአባቴ የድሮ ደንበኛ ናቸው፣ "ያችን ባባትህ ምላጭ አንዴ ላጨኝ" እያሉ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ እንቢ ስላቸው ቅር ይላቸዋል። አሁን ሁለተኛዋን ምላጭ ለርስዎ ብቻ ስዬ እሰጥዎታለሁ ብያቸዋለሁ፣ ጫፏ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ሽርፍ አለች፣ ከ1000 ነው የምጀምራት፣ በየሳምንቱ እየመጡ የት ደረሰች ይሉኛል።